የጎረቤቴ ሳህን እስካሁን ማድ ቤቴ ነው

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምጽፍልሽ ከድሬዳዋ ነው። ዕድሜዬ አርባ አራት ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ የጂቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤቱን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ኦርቶዶክስ ነን።

«አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ በዕድሜዋ እናቴ ትሆናለች። በ1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሞልቶ ሰውን ከነቤቱ ሲወስድ ወንዙ ዳር እንኖር ነበር። የመጀመሪያ ልጄ የሁለት ወር ሕፃን ነበረች። እርጥብ ልብሳችንን እንደለበስን ሽቅብ ሸሽተን ያገኘነውን በር ብናንኳኳ እሷ ከፈተችልን። ከዚያ ሌሊት በፊት አይታን አታውቅም። ሦስት ወር አስቀመጠችን። ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና የተነሣችው ከእሷ ቤት ወጥታ ነው። ኋላም አጠገቧ ቤት ተከራይተን እዚያው ቀረን።

«በ2017 ዓ.ም. አረፋ ዕለት፣ ግንቦት 29 ቀን፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ወንድ ልጄ ከልጅ ልጆቿ ጋር ሲጫወት ውሎ ሥጋ አብሯቸው በላ። ለእኛ እንደ ሁልጊዜው ጣፋጮቹን፣ ሐልዋና ሙሸበክ፣ ለብቻ አዘጋጅታ ነበር። ልጁ ሳህኑን ይዞ ገባና “እማዬ፣ ሥጋም በላሁ” አለኝ። እህቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥታ ነበርና ጮኸች። “ያውም በዓርብ ቀን! ይህ ልጅ ሃይማኖቱን ክዷል፤ ቄደር መጠመቅ አለበት። ሴትዮዋም ሆን ብላ ነው” አለች። በስልኳ አንድ ስብከት ከፈተችልኝ። ሰባኪው “ከእነሱ ጋር ማዕድ መቁረስ ከእነሱ ጋር መቆጠር ነው” ይላል።

«ሲመሽ ጎረቤቴ ራሷ መጣች። “ሳላየው ነው ልጄ፣ ሕፃናቱ ናቸው የሰጡት፣ አፉ በዪኝ” አለችኝ። እህቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። በሩን ገርበብ አድርጌ “ግድ የለም” አልኩና ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ አንድ ወር አለፈ። ልጁን አጥር ማዶ እንዳይሄድ ከልክዬዋለሁ። ሳህኗንም አልመለስኩም። ሴት ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ስትመጣ ነገሩን ሰምታ “እኔን ያሳደገችኝ ሴት ርኩስ ናት ማለት ነው?” ብላ አኮረፈችኝ፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ተወች። ባለቤቴ “የሴቶች ነገር ነው፣ እናንተው ጨርሱት” ይላል። ልጄ ኃጢአት ሠርቷል? እኔስ ማንን ልስማ?»

ግራ የገባት፣ ከድሬዳዋ

* * *

እህቴ፣

ድሬ ተወልጄ ሐረር ያረጀሁ ነኝና እንደ አገራችን ልማድ «አንቺ» እልሻለሁ፤ ሌላ አገር ያደገ አንባቢ ንቀት እንዳይመስለው። እኛ ዘንድ አያትም ቢሆን «አንተ» ነው።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ነው ሳህኑን ያየሁት። ስለ ሥጋው ይህን ያህል ጽፈሽ ስለ ሳህኑ አንድ መስመር ብቻ ጣል አድርገሽ አልፈሻል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ። ልጅሽ ኃጢአት ሠርቷል ወይ? በእኔ እምነት አልሠራም። ይህን የምልሽ ካህን ሆኜ አይደለም፤ መጽሐፍ ቅዱሷን የምታነብ፣ በየጊዜው ከራሷም ከሰባኪዎችም ጋር ስትከራከር የኖረች አንዲት ክርስቲያን ነኝ። ካህን እንዲመልስልሽ የሚገባውን ለካህን እተወዋለሁ። ማንም ክርስቲያን አንብቦ ሊያየው የሚችለውን ግን አብረን እንየው።

«ያውም በዓርብ ቀን» ያለችውን ቶሎ ልዝጋው። በዚያ ዓመት ጰራቅሊጦስ የዋለው ሰኔ 1 ቀን ነው። ግንቦት 29 ገና በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ነበርን፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾም ደግሞ ልጅሽም ሳያውቀው አይቀርም። እህትሽ ስልኳን ከመክፈቷ በፊት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ብታየው ኖሮ ከጩኸቷ ግማሹ ይቀርላት ነበር።

አሁን ወደ ሥጋው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ሐዋርያቱ ኢየሩሳሌም ተሰብስበው፣ ከአሕዛብ ወገን ላመኑት ሰዎች ምን ሸክም እንጫንባቸው ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ በጻፉት ደብዳቤ ከዝሙት ጋር ሦስት የመብል ነገሮችን ከለከሉ፤ ለጣዖት የተሠዋ፣ ደም፣ ታንቆ የሞተ። እስቲ የጎረቤትሽን በግ አስቢው። ጉሮሮው በስለታም ቢላ ተቆርጧል፤ ደሙ ፈስሶ አልቋል። አልታነቀም። ሲታረድ የተጠራው የፈጣሪ ስም ነው። ጣዖት የሚባል ነገር በዚያ ግቢ ቢገኝ ደግሞ መጀመሪያ አንሥታ የምትወረውረው እሷ ናት። ሐዋርያቱ ካሠመሩት መሥመር የትኛው እንደተጣሰ እኔ ማየት አልቻልኩም።

«ቤተ ክርስቲያናችን ግን ትከለክላለች» ትዪኝ ይሆናል። ልማዱ ጥንታዊና ጥብቅ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን አንድ ነገር ልጨምርልሽ። እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ፣ ማለትም ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ሆነው እስኪሾሙ፣ የቤተ ክርስቲያናችን አባት የሚመጡልን ከእስክንድርያ ነበር። በሃይማኖት አንድ ነን። የእስክንድርያ ልጆች የሆኑት የግብፅ ክርስቲያኖች ግን ካይሮ ላይ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ገዝተው ይበላሉ፤ ማንም ሃይማኖት ካድክ አይላቸውም። እናትና ልጅ በአንድ ሃይማኖት ውስጥ ሆነው በአንድ ኪሎ ሥጋ ከተለያዩ፣ ያ ነገር ከሃይማኖቱ ልብ ይልቅ ወደ አገር ልማድ የቀረበ መሆን አለበት። በጎረቤትሽም በኩል ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ቁርኣን በአል-ማኢዳ ምዕራፍ የመጽሐፉ ሰዎች ምግብ ለሙስሊም የተፈቀደ ነው ይላል፤ እሷ ግን ፋሲካ ዕለት ያንቺን ዶሮ ወጥ አትቀምስም። አንቺም አላቀረብሽላትም፤ እሷም አልተቀየመችሽም። ሁለታችሁም ከመጽሐፋችሁ የወፈረ ልማድ ተሸክማችሁ ነው አጥር ለአጥር የኖራችሁት።

ይህ ልማድ ከምንም አልተነሣም። በእኛ አገር ታሪክ የማን ሥጋ በላህ ማለት የማን ሰው ነህ ማለት ነበር። በግራኝ አህመድ ዘመን ሕዝቡ ከአንዱ ሃይማኖት ወደ ሌላው በግድ ሲገፋ፣ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ደግሞ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ሲታዘዙ፣ የአንዱን ወገን እርድ መብላት እንደ ምስክርነት ይቆጠር ነበር። አፍ ውስጥ የገባው ጉርሻ የሰውን ልብ ያሳያል ተብሎ ይታሰብ ነበር። አያቶቻችን ሥጋውን የፈሩት ከኋላው ሰይፍ ስላዩ ነው። ፍርሃታቸውን አልንቅም። ልጅሽ ግን ከኋላው የቆመ ሰይፍ የለም፤ አጠገቡ የነበሩት ኳስ ሲያባርሩ ውለው የራባቸው ሁለት ሦስት ሕፃናት ናቸው።

ይህን ሁሉ ስልሽ ነገ ተነሥተሽ የሙስሊም ሥጋ ብዪ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ሁለቱን ድስት ለይቶ ማስቀመጥን እወደዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ።

ታናሽ እህቴ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ስትዳር የወጥ ቤቱ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበረ ከእንግዶቹ ግማሽ ያህሉ ሙስሊሞች ነበሩ። ለእነሱ የሚታረደውን የሚያርድ ሰው ከመጋላ ሰፈር ጠራን፤ የሚሠራውም ጎረቤት ግቢ በሙስሊም ወጥ ሠሪ፣ በራሳቸው ድስት ነበር። ሥርዓቱ ሁሉ ተጠብቋል። ሲጣደፉ ሰው አይበቃምና ወደ ሰባት ሰዓት ላይ እኔ ራሴ በአንድ ጭልፋ ከዚህኛውም ከዚያኛውም ድስት መቅዳት ጀመርኩ። አንዲት ሴት «ይህ ጭልፋ የየትኛው ነው?» ስትል ዞር አልኩ። የአባታችን የሥራ ባልደረባ የነበሩ አንድ ሽማግሌ እጃቸው ገበታው ላይ ነበር። ያነሡትን ጉርሻ ቀስ አድርገው ወደ ገበታው መለሱት፤ ውኃ ጠየቁ፤ ታጠቡ። «ጠግቤያለሁ ልጄ፣ አላህ ይስጥልኝ» አሉ። አንድ እንጀራ እንኳ አላጋመሱም ነበር። እስከ ማታ ድረስ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው አጨበጨቡልን፤ የበሉት ግን ሐብሐብ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ድስት ማዘጋጀት ለእኔ የአክብሮት ሥራ ነው። «አንተ የምትሳሳለትን ነገር አውቅልሃለሁ» ማለት ነው። ጎረቤትሽም ሐልዋውን ለብቻ ስታዘጋጅልሽ ያለችሽ ይህንኑ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳታዛንፍ የጠበቀችልሽን ሥርዓት አንድ ቀን ሕፃናት ቢያፈርሱት፣ «ሆን ብላ ነው» የሚለውን ክስ እንዴት ጆሮሽን ሰጥተሽ ሰማሽው? ሆን ብላ ቢሆን ኖሮ ሲመሽ በርሽ ላይ ቆማ አፉ በዪኝ ትልሽ ነበር?

የደብዳቤሽ ልብ እዚህ በር ላይ ነው። እስቲ ገላትያ ምዕራፍ 2ን አንብቢ፤ አጭር ነው። ጴጥሮስ አንጾኪያ ከተማ ከአሕዛብ ወገን ከሆኑ አማኞች ጋር አብሮ ይበላ ነበር። ከዚያ ከኢየሩሳሌም፣ ከያዕቆብ ዘንድ፣ ሰዎች መጡ። እነሱ ሲመጡ ጴጥሮስ ከገበታው ተነሣ፤ ራሱን ለየ። ለምን? መጽሐፉ ፈርቶ ነው ይላል። ሃሳቡ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከኋላው የቆሙት ሰዎች ናቸው። ጳውሎስም በሁሉ ፊት ተቃወመው። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አንብቤ በአጥር በኩል የሚያልፍ ነገር መሆኑን ያየሁት ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ ነው። እህትሽ ከአዲስ አበባ ባትመጣ ኖሮ ያን ምሽት ምን ታደርጊ ነበር? «ግቢ እንጂ፣ ምነው በር ላይ ቆምሽ» ትያት ነበር። ልጁንም ትንሽ ትቆጪውና ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር። ገርበብ ባለው በር መሐል ያየችሽ ሴት ያንቺን ፊት ብቻ አላየችም፤ ከኋላሽ የቆመችውንም አይታለች፤ የገባት ይመስለኛል። ያም ሆኖ ፊት የነሣሻት አንቺ ነሽ። በሩን የዘጋው ያንቺ እጅ ነው።

ጴጥሮስን የተቃወመው ይኸው ጳውሎስ ስለ ሥጋ ሌላም ነገር ጽፏል፤ ቆሮንቶስ ላሉት። ቆሮንቶስ ገበያ ላይ የሚሸጠው ሥጋ ከጣዖት ቤት የወጣ ሊሆን ይችል ነበርና ክርስቲያኖቹ ተጨነቁ። መልሱን በአንደኛው መልእክት ምዕራፍ 8 እና 10 ታገኚዋለሽ። ገበያ የተገኘውን ሳትመራመሩ ብሉ ይላል፤ የማያምን ሰው ቢጠራችሁና መሄድ ብትፈልጉ የቀረበላችሁን ብሉ ይላል። በምዕራፍ 8 ላይ ግን ይህ መብላቴ ወንድሜን የሚያሰናክል ከሆነ ሥጋ ለዘለዓለም አልበላም ይላል። ሰባኪዎቻችን ይህችን የመጨረሻዋን ይዘው የፊተኛውን ይተዋሉ፤ እንደኔ ያሉት ደግሞ የፊተኛውን ይዘው የኋለኛውን ለመዝለል ይሞክራሉ። ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው። ስለዚህ እህትሽ ፊት፣ ልቧን ለማቁሰል ብለሽ፣ ሥጋ አትብዪ። ነገር ግን «የሚሰናከል ወንድም አለ» በሚል ሰበብ ሌላውን ማሰናከል አይቻልም፤ በዚህ ጉዳይ የተሰናከለችው ደግሞ የልጅነት ትዝታዋ ጎረቤትሽ ቤት የሆነው ሴት ልጅሽ ናት።

ስለ ስብከቱ ብዙ አልልም። እኔ የምኖርባት ሐረር ጀጎል ውስጥ ከሰማንያ በላይ መስጊድ አለ፤ ፈረስ መጋላ ላይ መድኃኔዓለም ቆሟል። አዛኑና ቅዳሴው ሌሊት ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ሲያቋርጥ ሰምቼ አላውቅም። ከተማዋ ስለዚህ የዩኔስኮ የሰላም ከተሞች ሽልማት ተሸልማለች። ያ ሽልማት ግን የጎረቤት ሳህን አይመልስም። «መቻቻል» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ደስ አይለኝም፤ ሰው የሚችለው ሸክምን ነው፤ ያቺ ሌሊት በሯን የከፈተችልሽ ሴት ደግሞ አንቺን አልቻለችሽም፤ ተቀበለችሽ። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰባኪ ያን ሌሊት የትኛውን በር እንዳንኳኳሽ አያውቅም። በደቻቱ ጎርፍ ከሁለት መቶ በላይ ሰው እንደሞተ፣ ከሞት የተረፈው ሰው በማን ግቢ እንዳደረ አያውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ። ማንን ልስማ ላልሽኝ መልሴ፣ ከማያውቅሽ ሰው ይልቅ የራስሽን ዕድሜ ስሚ ነው።

ደግሞ ቁልቢ ሄደሽ አታውቂም? ታኅሣሥ 19 ቀን ገብርኤል ደጅ ስለት ይዘው የሚመጡ ሙስሊም እናቶችን በዓይኔ አይቻለሁ። ገንዘቡን፣ ጃንጥላውን፣ ሻማውን ስንቀበል የማን እጅ እንደያዘው ጠይቀን አናውቅም። ስለታቸው ንጹሕ፣ ገበታቸው ርኩስ ሲሆን ነገሩ አይጥመኝም።

በደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁት አንድ ሰው አለ፤ የንስሐ አባትሽ። እህትሽ ተናግራለች፤ ስልኩ ተናግሯል፤ ባልሽ እንኳ ከመንገድ ደውሎ አንድ ዐረፍተ ነገር ጣል አድርጓል። አባ ግን የሉም። ያለ እህትሽ፣ ብቻሽን ሂጂና ከጎርፉ ሌሊት ጀምረሽ ንገሪያቸው። ከሥጋው ብትጀምሪ መልሳቸው ስለ ሥጋው ብቻ ይሆናል። ቄደር በመሠረቱ ሃይማኖቱን ክዶ ለተመለሰ ሰው የሚፈጸም ሥርዓት ነው፤ በልማድ እንዲህ ላለውም ነገር እንደሚደረግ አውቃለሁ። ልጅሽ ግን ማንን ካደ? የእኔ ልጅ ቢሆን አላስጠምቀውም ነበር። እሳቸው ግን ጸሎት ወይም ስግደት ቢያዝዙለትና አንቺም ብትቀበዪ፣ አንድ ነገር ለምኛቸው፤ ልጁ ፊት «ይህ የምታደርገው ሴትየዋ ረክሳ አይደለም» ብለው በራሳቸው አፍ እንዲነግሩት። ብዙ ካህናት ይህን ለማለት አይቸገሩም። የሚቸገሩ ከሆነ እኔም ላንቺ እቸገራለሁ።

ልጁን በተመለከተ አንድ ነገር ከንክኖኛል። አስተውይ፤ ልጅሽ አልተያዘም። ራሱ ነው የነገረሽ፤ ያውም በደስታ። እጁ ላይ ሐልዋ፣ አፉ ላይ ወሬ ይዞ እየሮጠ ገባ። እውነቱን ባወጣበት ቅጽበት አክስቱ ጮኸችበት፤ በዚያው ቀንም ጓደኞቹን አጣ። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ከዚህ የሚማረው ስለ ሥጋ አይደለም፤ ለእናት ምን እንደማይነገር ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከሥጋ የከበደ ነገር ይገጥመዋል፤ ያኔ ሮጦ እንዲነግርሽ ትፈልጊያለሽ። ስለዚህ አስቀምጪውና «ስለነገርከኝ ጎበዝ። የቤታችን ልማድ ይህ ነው፤ ሲሰጡህ “እናቴን ልጠይቅ” በል። እሷን ግን አንተ አልበደልካትም፤ እኔ ነኝ ፊት የነሣኋት» በዪው። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል አትዝለያት። ልጆች እናታቸው ስትሳሳት አይተው ያውቃሉ፤ ጥፋቷን ስታምን ግን ብዙ ጊዜ አያዩም። ክልከላውንም ዛሬውኑ አንሺለት።

ሴት ልጅሽ የጠየቀችሽ ጥያቄ አጭር መልስ ይበቃዋል። «አይደለችም» በያት፤ ወንድሟ በሚሰማበት፣ ራት ላይ። ወደ ሰው የሚገባ አያረክሰውም፣ ከልቡ የሚወጣው ነው የሚያረክሰው ያለው ጌታ ራሱ መሆኑን በማርቆስ ምዕራፍ 7 አሳያት። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ ብለሽ አትጎትቻት። ከቤተ ክርስቲያን ያራቃት ክህደት አይመስለኝም፤ ክርስትና የተነሣችበትን ቀን ስታስብ የሚመጣላት የዚያች ሴት ቤት ነውና፣ ያን ቤት ርኩስ የሚል ሰው የክርስትናዋን ቀንም አብሮ ይነካባታል። ቁጣዋ ውስጥ እምነት አለ። እኔ በእሷ ዕድሜ ይህን ያህል ብቆጣ ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

እህትሽንም አትጥያት። የምትወደው የእህቷ ልጅ ከእጇ የወጣ መስሏት ደንግጣ ነው። ብቻ በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ ጎረቤትሽ ቤት ይዘሻት ግቢ። ሥጋ አይቀርብም፤ ሰምቡሳው የምስር ነው። ሁለቱ ሴቶች አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ ጉልበታቸው ሕመም ካወሩ ስልኩ ራሱን ያጠፋል። ባልሽ ደግሞ «የሴቶች ነገር ነው» ማለቱን ይተው፤ ያ ሌሊት የሴቶች ነገር አልነበረም፤ የተከፈተው በር እሱንም አስገብቷል።

አሁን ወደ ሳህኑ።

የማድ ቤት መደርደሪያሽ ላይ እንዳለ ይታየኛል። ታጥቧል። የሌላ ሰው ዕቃ ስለሆነ ከራስሽ ሳህኖች ጋር አልደረብሽውም፤ ለብቻው፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ሽንኩርት ስትከትፊ ታይዋለሽ። ወር ሙሉ ያልመለስሽው ረስተሽው አይደለም። ባዶውን መመለስ ነውር ነው፤ ሞልተሽ ለመመለስ ደግሞ በሩን መክፈት ነበረብሽ። በልጁ እጅ ወይም በአጥር በላይ እንዳትልኪው አደራ። በአጥር በላይ የሚመለስ ሳህን «ከእንግዲህ አትላኪልኝ» ማለት ነው፤ እኛ ሰፈር እንዲያ ነበር የሚተረጎመው።

ድፎ ዳቦ ድፊ። ሥጋ የለበት፣ ቅባቱም ዘይት ይሁን፤ ማንም ይበላዋል። ጥቁር አዝሙድ ጣል አድርጊበት፤ ጠረኑ ከአንቺ ቀድሞ አጥሩን ይሻገራል። እንደ ሞቀ ቁረሺና ሳህኗ ላይ ደርድሪው፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኚው። ነጠላሽን ልበሺ። ልጁን አስከትዪ፤ ሳህኑን የምትይዢው ግን አንቺ ነሽ።

በርዋ ላይ ስትደርሺ ብዙ ነገር አታዘጋጂ። ስለ ሐዋርያት ሥራ፣ ስለ ግብፅ፣ ስለ እኔም አትንገሪያት። የራሷን ቃል መልሺላት፤ «አፉ በዪኝ» በያት። ምናልባት ታለቅስ ይሆናል፤ ምናልባት ትቆጣሽ ይሆናል፤ አንድ ወር ፊት የተነሣ ሰው መቆጣት መብቱ ነው። ብትቆጣሽ አትመልሺላት። ሳህኑን ከእጅሽ እስክትቀበልሽ ድረስ ቆመሽ ጠብቂ።

ከአስር ሰላት፣ ከከሰዓት በኋላው ጸሎታቸው፣ በኋላ ሂጂ፤ ያኔ ቡና ታፈላለች። ሁለተኛው ላይ «ሥራ አለብኝ» ብለሽ እንዳትነሺ። በረካውን ጠጪ።